የድንቅቱ ባለጥለት

ድንቅቱ ጃርሶን የማውቃት ከአንድ ጠረጴዛ ማዶ ነው። አምቦ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ማህደር ስናወጣና ስናስገባ አብረን ሸብተናል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቷን አየሁ ብል ግን ዋሸሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት ጀርባዋን ነው። አንድ ደብዳቤ መዝግባ ሳትጨርስ ትነሳና መስኮቱ ጋ ናት፤ ከመስኮቱ በሩ ጋ፤ ከበሩ ኮሪደሩን ዞራ ተመልሳ መስኮቱ ጋ። ጠዋት ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ልካ ከሰዓት በኋላ «መልስ አልመጣም?» ብላ የምትጠይቅ ሰው ናት። ሽሮ ስትጥድ ክዳኑን በየደቂቃው ስለምትከፍት የእሷ ሽሮ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ካልተቀመጥኩ ሐሳቤ የማይሰበሰብልኝ ሰው ነኝ። በዚህ ሃያ ዓመት ስንት ጊዜ «ተቀመጪ!» ብዬ እንደጮህኩባት እግዜር ይቁጠረው።

ሁለት ጊዜ ታጭታ ነበር። በሁለተኛው ሽማግሌዎች መጡ፣ ቤተሰቡም እንደ ወጉ «መክረን በአሥራ አምስት ቀን እንመልሳለን» አላቸው። ድንቅቱ በስምንተኛው ቀን የሙሽራው አጎት ቤት ሄዳ በር አንኳኳች። «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። «የኔ ልጅ፣ መልሱ እኮ የሚጠበቀው ከእናንተ ነው» አሏት። ነገሩ እዚያው ተበላሸ። ይህን ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ፤ ሳቋ ግን እስከ መጨረሻው አይደርስም ነበር።

ታዲያ የዚህች ሰው ፍቅር ምን ላይ ወደቀ ብትሉ፣ በዓለም ላይ ትዕግሥት ከሚፈልገው ሥራ አንዱ ላይ ነው፤ ከቅጠል ተክል ማራባት። ዘር አይደለም፣ ግንድ አይደለም። ቅጠል ቆርጠሽ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ትሰኪያለሽ። ከዚያ ትጠብቂያለሽ። ቅጠሉ ሥር ለማውጣት ወር ከምናምን ይፈጅበታል፤ ከሥሩ ሕፃን ተክል ብቅ እስክትል ደግሞ አንዳንዱ መንፈቅ፣ አንዳንዱ ዓመት። የመዝገብ ቤታችን መስኮት በወተት ዱቄት ጣሳና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተሞልቶ ብርሃን የሚገባን በስንጥቅ ነበር። ጣሳዎቹን እንደ ማህደር ቁጥር ትሰጣቸው ነበር፤ በቀይ ቀለም፣ 01፣ 02፣ 03 እያለች። አለቃ ሲመጣ እኔ ነኝ የምሟገትላት። ሲሄድ ደግሞ እኔው ነኝ የምቆጣት።

በእኛ ሰፈር ተለምኖ የተሰጠ ቅጠል አይጸድቅም ይባላል። ስለዚህ ማንም አይለምንም፤ ይሰርቃል እንጂ። ሠርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት ደህና አበባ ካየች ድንቅቱ ጫማዋን ለማስተካከል ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ስትል መሐረቧ ውስጥ ቅጠል አለ። የአበባዋ ባለቤትም አይታ እንዳላየች ትሆናለች። እሷስ ከየት አመጣችውና!

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ድንቅቱ በየጠዋቱ ቢሮ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የፀጉር ሹካዋን ከራሷ መዝዛ ቅጠሉን ከአፈሩ ብድግ ታደርገዋለች። «ይዛ እንደሆን ልያት» ትላለች። የፀጉር ያህል የቀጠነች ሥር ጀምራ ከሆነ እዚያው ትበጠሳለች። ከአሥር ቅጠል የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ የሚተርፈውም እሷ ታማ የቀረች ሳምንት ነው። እናቷ ወይዘሮ ጉዴ በሕይወት ሳሉ «ዲሲ! ተያት! ስትፈልግ ትይዛለች» እያሉ ጣቷን ይመቷት ነበር አሉ። ለድንቅቱ «ዲሲ» ከማለት ለወንዝ «አትውረድ» ማለት ይሻል ነበር።

ከዚያ ሁሉ ጣሳ ግን የምትበልጥባት አንዲት ተክል ነበረች፤ እሷም ቢሮ ሳይሆን ቤት ነው የምትቀመጠው። እናትየው ከተማው ገና ሀገረ ሕይወት በሚባልበት ዘመን የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበሩ። አንድ ቀን ከሆቴሉ በረንዳ አንዲት ቡቃያ ከነሥሯ ነቅለው በልብስ ዘንቢል ደብቀው አመጡ። ቅጠሏ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ወፍራም፣ መሀሉ አረንጓዴ ዝንጉርጉር ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን ከታች እስከ ጫፉ ቢጫ ጥለት አለው። ቤት ውስጥ ስሟ «ባለጥለቷ» ነው። ስሙ የወጣላት በአንድ የገና በዓል ነው። የጎረቤት ልጆች ጥለት ያለው አዲስ ቀሚስ ለብሰው ሲወጡ፣ ድንቅቱና ታናሽ እህቷ ኡርጌ አሮጌያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አለቀሱ። እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወስደው ከተክሏ ግራና ቀኝ አቆሟቸው። «ጥለታችሁ ይቻት» አሏቸው። «የእነሱ ሲታጠብ ይለቃል። ይቺ አትለቅም። ልብስ አጣቢ ናት የምትነግራችሁ።» ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ልጆች በየሳምንቱ ቅጠሎቿን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ አደጉ፤ የግራው ቅጠል የድንቅቱ፣ የቀኙ የኡርጌ እየተባለ።

ወይዘሮ ጉዴ ኅዳር 1990 አረፉ። ኡርጌ ያን ጊዜ ጊንጪ አስተማሪ ነበረች፤ እዚያው አግብታ ወልዳለች። ወንድም የላቸው፣ አባታቸውም ቀድመው ሄደዋል፤ በቃ ሁለት እህትማማች ናቸው። የእናታቸውን ንብረት ያከፋፈሉት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ኦቦ ሂርጳ ነበሩ። ቤቱ ለድንቅቱ፣ ላሚቱና የቤት ዕቃው ለኡርጌ ሆነ፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የለም። ኦቦ ሂርጳ ደስ ብሏቸው ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ባለጥለቷስ?» አለች ኡርጌ።

ኦቦ ሂርጳ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከሥሯ ክፈዪልኝ። ግማሹን ይዤ እሄዳለሁ» አለች ኡርጌ ለእህቷ።

ድንቅቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ ነበር። «ሥሯ ከተነካ ትሞታለች። እኔ ቅጠሏን ቆርጬ፣ እሷኑ የመሰለች አራብቼ፣ በዓመቱ ጊንጪ ድረስ አመጣልሻለሁ።»

«የድንቅቱን እጅ እናውቃለን» አሉ ኦቦ ሂርጳ፤ ምሳቸው ደርሶ ነበር መሰለኝ። «ዓመት ምን አላት? እናትየዋ እዚህ ትቆይ፣ ልጅየዋ ለኡርጌ ትሁን።»

ኡርጌ እህቷን ብቻ እያየች «ቃልሽ ነው?» አለች።

«ቃሌ ነው።»

እዚያው ነበርኩና እውነቱን ልናገር። ድንቅቱን የያዛት የሥሩ ነገር ብቻ አልነበረም። ኡርጌ ባል አላት፣ ልጆች አሏት፣ ስሟን እየጠራ የሚቀበላት ክፍል ሙሉ ተማሪ አላት። ድንቅቱ ያላት ባዶ ቤትና ያቺ ተክል ናቸው። መክፈሉን ልቧ አልቻለውም። እኔም ገብቶኝ ዝም አልኩ፤ ጥፋቴ አንድ ይባል።

በሳምንቱ አንድ ቅጠል ከባለጥለቷ ቆርጣ ቢሮ ይዛ መጣች። አራት ጣት አራት ጣት እያደረገች ከፋፈለችው። ተገልብጦ የተተከለ አይጸድቅምና የታችኛውን ጫፍ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገችበት። የተቆረጠው ቁስል እንዲደርቅ አራት ቀን ጥላ ውስጥ መቆየት አለበት። በሁለተኛው ቀን ሰካችው። በሰበሰ። ሌላ ቆረጠች፤ ያንን በየጠዋቱ እየነቀለች አየችው፤ ደረቀ። ሦስተኛው ላይ እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ዓመቱ እየሮጠ ነው፣ ቃል ተገብቷል፣ እሷ በፀጉር ሹካ ትቆፍራለች! አንዱን ጣሳ ሰርቄ ከድሮ የአማርኛ ማህደሮች ጀርባ ደበቅሁት። የሥራው ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ ከዞረ ወዲህ ያንን መደርደሪያ በወር አንዴም የሚነካው አልነበረም፤ ትንሽ ብርሃን ግን ከጎኑ ይገባል። በየአሥር ቀኑ በብርጭቆ ውሃ ጠብ አደርግለታለሁ። ድንቅቱ «03 የታል?» እያለች ቢሮውን ስትገለብጥ እኔ «ጽዳቶቹ ጥለውት ይሆናል» እላለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ከቅጠሉ ጎን አፈሩን ሰንጥቃ አንዲት ሾጣጣ ቡቃያ ወጣች። ጣሳውን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥላት ድንቅቱ እልል ብላ አለቃችን ከቢሯቸው ወጡ። ከዚያ ዝቅ ብላ አየቻትና «ጥለቷ የታለ?» አለች።

ቡቃያዋ አረንጓዴ ብቻ ነበረች።

«ልጅ ጥርስ ይዞ አይወለድም» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። «ስታድግ ይመጣል።» ጥፋቴ ሁለት ይባል።

ድንቅቱ አመነችኝ፤ ማመን ስለፈለገች። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ መጠበቅ አቅቷት፣ ጣሳውን በሚኒባስ ሾፌሩ በጉዩ እጅ ጊንጪ ላከችው። ኡርጌም «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ጥለቷን እጠብቃለሁ» ብላ ላከች።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ጠበቀች። በ1993 ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ኡርጌ ራሷ ቢሮአችን መጣች። ዝናብ መቷታል። ጣሳውን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተክሏ ክንድ አክላለች፤ አራት ቅጠል አላት፤ አንድም ቢጫ የለባትም።

«ይሄ ምንድነው ድንቄ?»

«ከባለጥለቷ ቅጠል የወጣች ናት። ለንሳ ምስክሬ ናት» አለች ድንቅቱ ወደ እኔ እየጠቆመች።

«ጥለቷ የታለ?»

«ይመጣል እያልን እኮ…»

«ጥለቱን ለራስሽ አስቀርተሽ ነጠላውን ላክሽልኝ። ይሄ በየባንኩ በር ላይ የሚቆም ነው። ዓይኔ አያይም ብለሽ ነው?» ጣሳውን ወደ እህቷ ገፋችው። «አልሰጥሽም ብትዪኝ እኮ አንድ ሳምንት አኩርፌ ይበቃኝ ነበር። ማታለልሽ ነው የገደለኝ። በእናታችን!»

ድንቅቱ ስትምል፣ እኔም አብሬ ስምል፣ ኡርጌ መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። የተሰረቀ ቅጠል ነው ሁሉም። ለሌባ ማን ያምናል? ጣሳውን መልሳ ነጠላዋ ሥር አስገብታ ወጣች። መንገድ ላይ ልትጥለው ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋቻት። የአክስታቸው ልጅ ሠርግ ላይ አንዷ ስትገባ አንዷ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት በሚሰጥበት እሑድ ድንቅቱ ወንበር ላይ ቀርታ አየኋት። «ከእህቴ ጋር ሳልታረቅ እንዴት ብዬ?» አለችኝ። ያ ሁሉ መንቆራጠጧ ድሮ ያስቀኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማየቱ አሳመመኝ። ቢሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። የጊንጪ መኪና ጡሩንባ ሲሰማ ትነሳለች። ተቀመጪ ማለቱን ተውኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የእብድ ሥራ ነው። ድንቅቱ ጥለቷ የጠፋው በእሷ የአያያዝ ጉድለት ነው ብላ ደመደመች፤ ትክክለኛውን አያያዝ ካገኘሁ ጥለቱ ይመጣል፣ እህቴም ትመለሳለች አለች። ባለጥለቷን ቅጠል በቅጠል ቆረጠቻት። ቢጫዋን ዳር ብቻ እንደ ሪባን ልጣ ተከለች፤ በሦስት ሳምንት ገለባ ሆነ። በፀሐይ ሞከረች፣ በጥላ ሞከረች፣ ከጭልሞ ደን አፈር አስመጣች። አንድ ሰሞን ደግሞ ከምንጩ ጋዛሙን ውሃ በጀሪካን እየቀዳች ታጠጣ ጀመር። ያምቦ ሰው ሆዱን ሲነፋውም፣ ራሱን ሲያመውም፣ ልቡ ሲዝልም የሚያዝዘው ይኸንኑ ውሃ ነውና ለተክል የማይሆንበት ምክንያት አልታያትም። «ኃይል አለው፣ ጥለቱን ገፍቶ ያወጣዋል» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «እውነትሽን ነው» አልኩ፤ እኔም ያምቦ ልጅ ነኝ። አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ጋገረ፣ ስድስት ጣሳ አንድ ላይ ሞተ።

ካልሞቱት መሐል በየዓመቱ መስከረም ላይ ደህናዋን መርጣ፣ ቁጥሯን በቀይ ቀለም ጽፋ፣ በጉዩ እጅ ጊንጪ ትልካለች። «ይቺ ምናልባት» ትላለች። ጉዩ በማግሥቱ መልስ ያመጣል። አንዱን ዓመት «ጥዬዋለሁ በልልኝ»፣ ሌላውን ዓመት «ፍየሏ በላችው በልልኝ»። አንዴ ደግሞ «ቁጥሩ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ» አለን። ፌዝ ነው ብለን አዝነን ቀረን።

በ2001 መጋቢት ላይ ኦቦ ኤቢሳ የሚባሉ ሰው የጡረታ ማህደራቸውን ሊያስወጡ ቢሮአችን መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጭልሞ ችግኝ ጣቢያ ነው የሠሩት፤ ጣታቸው እንደ ሥር የተጣመመ ነው። ማህደሩን ስንፈልግ እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ጣሳ በጣሳ ሲያዩ ቆዩ።

«ይህን ሁሉ አረንጓዴ ያራባ ማነው?»

«እኔ ነኝ አባቴ» አለች ድንቅቱ። «ከባለጥለት ነው የቆረጥኩት። ጥለቱ ግን እምቢ አለኝ። አሥር ዓመቴ ነው።»

ኦቦ ኤቢሳ መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። «የኔ ልጅ፣ ሌላ አሥር ዓመት ብትጨምሪም አይመጣም። የዚህች ጥለት ከቅጠል አይወረስም። ቅጠሉ አረንጓዴውን ብቻ ነው የሚወልደው። ጥለቷን የፈለገ ሥሯን ይከፍላል። ከሥር የተከፈለች ከነጥለቷ ትቀጥላለች።»

«ሥሯ ቢነካ አትሞትም?»

«ማን ነው ያለሽ? በቢላዋ ለሁለት ነው፣ ቁስሏን ማድረቅ ነው፣ አለቀ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማሽም?» ስለ ውሃው ግን ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

ሰውየው ማህደራቸውን ይዘው ሄዱ። ድንቅቱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ከምሳ እስከ መውጫ ሰዓት አልተነሳችም። ፈራሁ።

«አላታለልኳትም» አለች በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላታለልኳትም።» ቀጥላም፣ «ግን እሷ መጀመሪያ ቀን ያለችው ይህንኑ ነበር። ከሥሯ ክፈዪልኝ ነው ያለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስስቴ ነው ለንሳ» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ጥፋቶቼን ቆጥሬ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም የጉዩ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። ባለጥለቷ ከነገንቦዋ ድንቅቱ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ከተቆራረጠችው የተረፋት ስድስት ቅጠል ነው፤ ጫፏ ጣራውን ይነካል። ከኋላ ያለ አንድ ገበሬ «ይቺ ወይዘሮ የት ነው የምትወርደው?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ድንቅቱ አልሳቀችም። የዳቦ ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ጊንጪ እስክንደርስ «አልፈነው ይሆን?» እያለች አራት ጊዜ ልታስወርደን ነበር።

የኡርጌ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። የቆርቆሮ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገፍተን ገባን። እኔ ቀድሜ ነው ያየሁት። ከበሩ እስከ ደጃፉ፣ በግድግዳው ጥግ፣ አረንጓዴ ተክሎች ተሰልፈዋል። ወገብ የሚደርሱ አሉ፣ ጣሳቸውን ሰንጥቀው በሌላ ጣሳ የታቀፉ አሉ። ቅጠላቸው ተወልውሎ ያበራል። ጣሳዎቹ ላይ ዝናብ ያደበዘዘው ቀይ ቀለም፣ የኛው ቢሮ ቀለም፣ የድንቅቱ እጅ ጽሑፍ አለ።

ድንቅቱ ገንቦዋን እንዳቀፈች ቆማ ቁጥሮቹን አነበበች። የመዝገብ ቤት ሰው ናት፤ የጎደለ ካለ ዓይኗ አይስተውም። ከ03 ጀምሮ የላከቻቸው ዘጠኙም አሉ።

ኡርጌ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓሮ ወጣች። ስታየን ቆመች። እሷም ሸብታለች።

«ፍየሏ በላቻቸው አላልሽም?» አለች ድንቅቱ።

«ፍየል የለኝም» አለች ኡርጌ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተቃቅፎ ነበር። ድንቅቱ ግን ገንቦዋን መሬት አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ ቢላዋውን ከጨርቁ ፈታች። ኦቦ ኤቢሳ ያሏትን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፤ ቅጠል ጥለት እንደማይወልድ፣ እንዳላታለለቻት፣ መንፈጓ ግን እውነት እንደሆነ። ኡርጌ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ገንቦዋን አዘንብለው ተክሏን አወጧት። ሥሯ የልጅ ክንድ የሚያክል፣ ብርቱካናማ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነበር። ድንቅቱ ቢላዋውን መሀሉ ላይ አሳረፈችና እጇ ቆመ።

«ብትሞትስ?»

ኡርጌ እጇን ከእህቷ እጅ በላይ አደረገች። «ብትሞት አብረን እናለቅስላታለን። እስካሁን ለየብቻ ነው ያለቀስነው» አለቻት። አብረው ጫኑት። ሥሩ ጮኾ ተሰነጠቀ። ሦስት ቅጠል ወደ ግራ፣ ሦስት ቅጠል ወደ ቀኝ።

ቁስሉ እንዲደርቅ አራት ቀን መቆየት ነበረበት። ድንቅቱ ግማሿን ጠቅልላ ወደ አምቦ ልትነሳ ስትል ኡርጌ «እርጥብ ቁስል ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ስትደርቅ ትሄጃለሽ» አለቻት። እኔ ማታ ላይ ብቻዬን ተመለስኩና የዓመት ፈቃድ ሞላሁላት። አራት ቀን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ትሰካዋለች። አልሰካችውም። አምስተኛው ቀን ላይ ነው የተከሉት አሉ፤ ሁለቱንም እዚያው ጊንጪ፣ በር ላይ ግራና ቀኝ።

ሐሙስ ባዶ እጇን ቢሮ ገባች። «ግማሽሽስ?» አልኳት።

«ሳትይዝ እንዴት በመኪና አንገላታታለሁ? ቅዳሜ ሄጄ ልያት።»

ቅዳሜ ሄደች። በሚቀጥለውም ሄደች። ጉዩ ከፊት ያለውን ወንበር ለእሷ ማስቀመጥ ጀመረ። ሰኞ ሰኞ «እህስ፣ ያዘች?» እላታለሁ። «ገና ናት» ትለኛለች። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ «ገና ናት»። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ቅጠል ሰክታ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ የፀጉር ሹካዋን ስትመዝ አላየኋትም።

በ2003 ጥር ላይ ለኡርጌ ልጅ ሠርግ እኔም ጊንጪ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሁለቱም ባለጥለቶች ገንቦአቸውን አጣበዋል። በእያንዳንዷ ዙሪያ ሦስት አራት ቡቃያ ወጥቷል፣ ሁሉም ከነቢጫ ጥለቱ፣ የጣት ቁመት ካለው ጀምሮ። ይህ የአንድ ወር ነገር አይደለም። ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል።

ኡርጌን ወደ ጎን ሳብኳት። «ይዘዋል እኮ!» አልኳት። «ድንቅቱ በየሰኞው ገና ናት ነው የምትለኝ። አልነገርሻትም?»

ኡርጌ ወደ ጓዳ በኩል አየች። ድንቅቱ እዚያ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ተቀምጣ።

«እኔንም በየቅዳሜው ትጠይቀኛለች» አለችኝ ኡርጌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹እስካሁን አልያዘችም አይደል?› ትለኛለች። እኔም ‹አልያዘችም፣ የሚመጣው ቅዳሜ እንያት› እላታለሁ። አደራሽን ለንሳ፣ እንዳትነግሪያት።»